በአንዲት «ሰ» የታሰረች ጦጣ

ለውድ አባቴ፣

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ብለህ ፖስታውን ከመክፈትህ በፊት እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። እመልስልሃለሁ። ግን ሰላምታ ያልቀደመው ደብዳቤ ስታይ ፊትህ እንዴት እንደሚጨፈገግ ስለማውቅ መጀመሪያ እሱን ላድርስ።

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ዓይንህስ እንዴት ሆነ? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ፀሐይ ሲነካው ያነባ የነበረው ግራ ዓይንህ ተሻለው? አዲሱን መነጽር ማድረግ ጀመርክ ወይስ አሁንም ከነሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ «ለቁም ነገር ቀን ነው» እያልክ ነው? ጉልበትህስ ከደረጃው ጋር ታረቀ? እማዬስ? ወገቧን የያዛት ነገር ለቀቃት ወይስ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ» እያለች ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትነሣው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ፎቶዬን አይታ ከሳች ብላ የፈረደችብኝ ከመሮጥ ብዛት ነው እንጂ የሚበላ ጠፍቶ አይደለም፤ ይህን ንገርልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ስልክ ብደውል ቀኝ ጆሮህ አይሰማም፤ በግራው በኩል ደግሞ እማዬ ቆማ «ምን አለች? ምን አለች?» ትልብሃለች። የዛሬ አራት ወር «ተቀጠርኩ» ስልህ «ተቀጣሁ» ብለህ ሰምተህ ሁለት ቀን ሙሉ እህል እንዳልቀመስክ ታናሼ ነግሮኛል። ያኔ ስቄ ነበር። የዛሬው ጉዳይ ግን አንድ ፊደል እንኳ መንገድ ላይ መውደቅ የሌለበት ነው። እንዲያውም ጉዳዩ ራሱ አንድ ፊደል ነው።

በመጀመሪያ የምሠራበትን ቦታ ልንገርህ፤ በስልክ «የጦጣ ፓርክ» ከማለት በቀር በደንብ ነግሬህ አላውቅም። እንስሳቱ በየሽቦ ቤታቸው ተዘግተው ሰው እየዞረ የሚያያቸው ቦታ እንዳይመስልህ። ከዋናው በር ገብተህ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ስትሄድ ዛፎቹ ከላይ ይገጥማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጦጣው በሰው መሀል፣ ሰውም በጦጣው መሀል ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀመጥ መጥተው አጠገብህ ይቀመጣሉ፤ ኪስህን እንደ ፈታሽ ይዳብሱሃል። እኔ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ ሦስት ነገር እናገራለሁ። ምግብ አትስጧቸው፣ ጥርሳችሁን አታሳዩአቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን አትዩ። ሰው ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ይገባና ሦስቱንም ያደርጋል። አንድ ቀን አንዲት ጦጣ የአንድ ጎብኚ መነጽር ነጥቃ ቅርንጫፍ ላይ ወጣች፤ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቁልቁል ስታየን፣ አትቆጣኝና፣ ፋይል የያዝክ አንተን መሰለችኝ።

እዚህ ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ «ዲግሪ» ነው የሚሉኝ። «ዲግሪ፣ በሩን ክፈቺ»፣ «ዲግሪ፣ መጥረጊያው የት አለ?» ይባላል። በመጀመሪያው ወር ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ጥፋቱም የራሴ ነው፤ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ፓርኩ እንዴት መሻሻል እንዳለበት አሥራ አራት ገጽ ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «አንቺ ልጅ፣ የሙከራ ጊዜሽን ሳትጨርሺ ፓርኩን ልትገለብጪው ነው እንዴ?» አሉኝ። ዘጠነኛውን ገጽ በመስኮት የገባች ጦጣ በላችው። የቀረውን ግን አንብበውታል፤ ከውስጡም አንዱን ተቀብለው አዲስ የአደጋ መመዝገቢያ ቅጽ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ያን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ አባዬ። መስመሩን በማስመሪያ ያሰመርኩት፣ ከሥሩ የሚጻፈውን ቃል የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ የጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ባለበትሩ ይሏቸዋል፤ በትር ሳይዙ ታይተው አያውቁም፤ በበትሩም አንድ ፍጡር ሲመቱ ታይተው አያውቁም። ሃያ ዓመት እዚህ ኖረው ጦጣዎቹን አንድ በአንድ ይለያሉ። ከሁሉ ላረጀችው፣ ጅራቷ ከመሀሉ ለተቆረጠው፣ «እትዬ ቆራጣ» የሚል ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። እትዬ ቆራጣ አትነጥቅም፣ አትሻማም። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ስታይ ሄዳ ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ሰውዬው ሲነሣ እሷም ትነሣለች።

ነገሩ ከሆነ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ከእናንተው ከተማ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጡረተኞች መጡ፤ የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች። የሰፈራችንን ስም ሲጠሩ ስሰማ የማደርገውን አጣሁ፤ የአንዱን ዕቃ እቀበላለሁ፣ የሌላውን ክንድ እደግፋለሁ። ከመሀላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀዋል፤ እጀታው በሽቦ የተጠገነ ዘንቢል ይዘዋል። ከሰው ተነጥለው አንዱ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔ «ከጦጣ ጋር ፎቶ ካልተነሣሁ» ያሉ አንድ አዛውንት እያስቸገሩኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ድንገት «ነከሰቻት! ነከሰቻት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ዞር ስል እትዬ ቆራጣ ከእናትየዋ ጎን ተቀምጣለች፤ የእናትየዋ እጅ ደምቷል፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ። ሰዉ በከዘራ፣ በጫማ ተነሣባት። እሷ ግን አልሸሸችም። ባለበትሩ ደርሰው በጃኬታቸው ጠቅልለው ባያነሷት ኖሮ እዚያው ይጨርሷት ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? ሮጥኩ። ቅጽ ላመጣ ሮጥኩ።

ስመለስ ባለበትሩ የእናትየዋን እጅ አጥበው በፋሻ እያሰሩላቸው ነበር። የአውቶቡሱ ሹፌር ጡሩምባውን እየነፋ «ይመሽብናል፣ ግቡ!» ይላል። አጠገባቸው ተንበርክኬ «ምን ሆኑ እናቴ?» አልኳቸው። በዚያ ሁካታ መሀል፣ በዚያ ጥርስ በሌለው አፍ፣ እኔ የሰማሁት «ነከሰችኝ» ነው። ጻፍኩት። ቀጥለውም እንባቸውን እየጠረጉ «አትቆጧት፣ እሷ ምን አደረገች» አሉ። ይህን አልጻፍኩትም። ለእሱ የሚሆን መስመር ቅጹ ላይ አላሰመርኩም ነበር። ከዚያ ከሥሩ ምን ብዬ እንደሞላሁ ታውቃለህ? «ቃላቸው ተነብቦላቸው ትክክል መሆኑን አረጋግጠው በጣታቸው አትመዋል።»

አላነበብኩላቸውም አባዬ። አንዲት መስመር አላነበብኩላቸውም። አውራ ጣታቸውን ራሴ ይዤ ቀለሙ ላይ አድርጌ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት፤ ደም እንዳይነካው ብቻ ነበር የምጠነቀቀው። ወረቀቱ ንጹሕ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ አይተው «የተማረ ሰው እንዲህ ነው!» አሉ። ደስ አለኝ። እሱ ነው አሁን የሚያቃጥለኝ፤ ደስ ማለቴ።

በሦስተኛው ቀን ከባለበትሩ ጋር ሻይ ስንጠጣ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ዲግሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትየዋ ምን ነበር ያሉሽ?» አሉኝ። «ነከሰችኝ ነዋ ጋሼ» አልኳቸው። «እኔ እጃቸውን ሳጥብ የሰማሁት ‹ነካችኝ፣ እጄን ነካችኝ› ሲሉ ነው። ቁስሉም ቀጥ ያለ ጭረት ነበር፤ ጥርስ እንደዚያ አይሄድም። የዘንቢላቸውን ሽቦ አይተሽዋል?» አሉ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጮህኩባቸው። አልተቆጡም። «ማን ይሰማኛል ልጄ? የጦጣ ዘመድ ነው የምባለው። ደግሞስ ወረቀቱ ላይ ‹ተነብቦላቸው› ይላል አሉኝ። ካነበብሽላቸውማ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

ሻዩን መጨረስ አልቻልኩም። ነካችኝ፣ ነከሰችኝ። አንዲት «ሰ»። በፓርኩ ደንብ ሰው የነከሰ እንስሳ ይወገዳል። «ይወገዳል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ታውቃለህ፤ ለእማዬ ግን አትተርጉምላት።

ያን ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው የሰው ቃል እየተቀበልክ ትጽፍበት የነበረው ያ የድሮ ቢሮህ ነው። ሰባት ዓመቴ ይሁን ስምንት፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ጠረጴዛህ ሥር እቀመጥ ነበር። ቃሉን ሊሰጥ የመጣው ሰው ጫማ ብቻ ይታየኛል። አንተ ትጽፋለህ፤ ከዚያ ብዕርህን አስቀምጠህ፣ ጉሮሮህን ጠርገህ፣ የጻፍከውን ቀስ ብለህ ታነብለታለህ። ጫማው ሲቆም ይታወቀኛል፤ የራሱን ነገር ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ሰው እግር አይንቀሳቀስም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መሀል ላይ አስቆመህና «ኧረ መታኝ አላልኩም፤ ገፋኝ ነው ያልኩት» አለህ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር የጻፍከው። ደጁ በሰው ሞልቷል፤ እኔም ርቦኛል። ወረቀቱን ቀደድከውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርክ። ወደ ቤት ስንሄድ «አንዷን ቃል ብቻ ለምን አልሰረዝክም?» ስልህ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም፤ «ሰውዬው የሚፈርመው በሙሉው ላይ ነው» አልከኝ። ማንበብ የማይችል ሰው ሲሆንማ ሁለት ጊዜ ነበር የምታነበው። እኔ ከአንተ የወሰድኩት ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቃሏ አምራኝ ቅጼ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሥራዋን አንተው ቢሮ ትቻት መጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ገና ኮታቸውን ሳይሰቅሉ ገባሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። «ታዲያ ተነብቦላቸው ያልሽው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው» አልኩ። «የማን ልማድ?» ሲሉኝ አፌ ቀድሞኝ «የአባቴ» አልኩ። አባዬ ይቅር በለኝ። አንተ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ያላደረግከውን በአንተ አሳበብኩ። ወዲያው አረምኩት፤ «አይደለም፣ አባቴ ያነብ ነበር፤ ሳያነቡ ተነበበ ብሎ መጻፍ የኔ ነው» አልኳቸው። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ነገሩን አስረዱኝ። የታተመበት ቃል በጸሐፊው ንግግር አይሻርም፤ ሊሻር የሚችለው በራሳቸው በእናትየዋ ቃል ነው። ጉዳዩን የሚወስነው የፓርኩ ኮሚቴ ኅዳር 18 ቀን ይቀመጣል። እስከዚያ አዲስ ቃል በጽሑፍ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ከመጣ ይታያል፤ ካልመጣ በፊተኛው ይወሰናል። የእኔም የሙከራ ጊዜ ጉዳይ የዚያኑ ቀን ይታያል፤ እሱን በኋላ እጨነቅበታለሁ።

የጡረተኞቹ ማኅበር ስልክ ተደውሎ ተደውሎ አይነሣም። እኔ ራሴ እንዳልሄድ ሥራ አስኪያጁ «አንድ ጊዜ ያበላሸሽውን ቃል አንቺው ሄደሽ ልታስተካክዪው አይሆንም» ብለው ከለከሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ያኔ ነው «ከተማው ውስጥ ቃል መቀበል የሚያውቅ ሰው አለ» ያልኳቸው። «ማነው?» አሉ። «አባቴ ነው» አልኩ። «ያው ልማዱን ያስተማረሽ?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና «ይጻፍ እንግዲህ፤ ምስክሮቹ ግን ከእናትየዋ ሰፈር ይሁኑ» አሉኝ።

እትዬ ቆራጣ አሁን ከፓርኩ የእንስሳት ክሊኒክ ጀርባ ባለ የሽቦ ቤት ውስጥ ናት። ሌሎቹ በማለዳ መጥተው ጣሪያው ላይ ይቀመጣሉ፤ አይጮኹም። ባለበትሩ ውኃዋን ይቀይራሉ፤ ምግቧን እኔ አስገባለሁ። ትናንት ሳህኑን ስገፋላት እጇን በሽቦው መሀል አውጥታ የእጅጌዬን ጫፍ ያዘች። አልጎተተችም፤ ያዘች ብቻ። እናትየዋንም እንዲህ ይሆን የነካቻቸው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ግን አላየሁም። ያላየሁትን አንድ ጊዜ ጽፌ የሆነውን አይቻለሁና አሁን አልጽፍም።

እንግዲህ አባዬ የምለምንህ ይህን ነው። እናትየዋ የሚኖሩት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ካለው ቤት ቀጥሎ ነው ብለዋል። ስማቸውን በሌላ ትንሽ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የብዙ ሰው እጅ ስለሚገባ እዚህ ላይ አላኖርኩትም። ታናሼ ይዞህ ይሂድ። አስቀድመህ የእጃቸውን ሁኔታ ጠይቅልኝ። የእንስሳት ሐኪማችን እንዳሉት ነክሳቸው ከሆነ አንድ ቀን ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድና መርፌ መጀመር አለባቸው፤ ይህን ጡረተኞቹን ሲሳፈሩ አሳስበን ነበር፣ መሄዳቸውን ግን አላወቅንም። ጥርጣሬ እንኳ ካለ ይሂዱ፤ ከጦጣዋም ከእኔም ይህ ይቀድማል። ከዚያ ቃላቸውን ተቀበል። «ልጄ እንዲህ ብላለች» ብለህ አትጀምርላቸው፤ «ምን ሆኑ?» ብለህ ብቻ ጠይቃቸው። ነከሰችኝ ካሉ ነከሰችኝ ብለህ ጻፍ። ለእኔም ለእትዬ ቆራጣም ብለህ አንዲት ፊደል እንዳትቀንስ። ለምን እንዳለቀሱም ሊነግሩህ ከፈለጉ ጻፍላቸው፤ ያንተ ወረቀት መስመር አያጥረውም። እኔንም ይቅር ይበሉኝ በልልኝ፤ ጣታቸውን ይዤ ሳላነብላቸው ስላሳተምኳቸው።

ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ብዕር እንዳልጨበጥክ፣ ስትጠየቅም «የእኔ ጽሕፈት አበቃ» እንደምትል እማዬ ነግራኛለች። እኔ ግን ይህን የምጠይቀው ሌላ ሰው አላውቅም። መነጽሩን ከመሳቢያው አውጣው አባዬ፤ የቁም ነገሩ ቀን ይኸው መጣ።

እማዬን ወገቧን ሳትነካ እቀፍልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስቆም እለብሰዋለሁ፣ አንዱን ቁልፍ ጦጣ እንደወሰደችው ግን አትንገራት። ታናሼን ፈተናው ከማለቁ በፊት የእኔን ብስክሌት እንዳይነካ በልልኝ፤ ቀድሞ ነክቶት ከሆነ ደግሞ ጎማውን ይንፋው። አክስቴን፣ በየስልኩ «መቼ ነው የምትዳሪው?» እያለች የምትጠይቀኝን፣ እስካሁን የጠየቀኝ አንድ ጎረምሳ ጦጣ ብቻ ነው በላት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ከሬዲዮናቸው ጋር፣ ሰላም በልልኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ በበራችን የሚያልፈው የመስመር አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኅዳር 13 ቀን ጠዋት ሲመለስ ጣቢያው ላይ ይጠብቅሃል። የእናትየዋን ቃል ከአንተው መልስ ጋር በእሱ እጅ ላክልኝ። ያሉት ምንም ይሁን ምን፣ ከሥሩ በእጅህ የተጻፈውን «ተነብቦላቸው» የሚለውን ስመለከት እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ወስጄ ኮሚቴው ፊት የማቆመው እሱን ነው።

ልጅህ

ከፓርኩ በር አጠገብ፣ መስኮቷ ወደ ክሊኒኩ ከሚያይ ክፍሌ
ኅዳር 6 ቀን